አምሳሉ የተነሳ ዕለት

አምሳሉ ለሰው የሚነሳ ሰው ነው። ሽማግሌ ሲገባ ይነሳል፣ ቄስ ሲገባ ይነሳል፣ ሐዘንተኛ ሲገባ ይነሳል። ይህንስ ሁሉም ያደርገዋል። አምሳሉ ግን በዕድሜ ለሚያንሱትም ይነሳል። አንድ ጊዜ ጠላ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጎረምሳ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ሲመለስ፣ አምሳሉ "ኖር!" ብሎ ከመደቡ ብድግ አለለት። ጎረምሳው የሚገባበት ጠፍቶት "ኧረ በእግዜር!" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"አምሳሉ እኮ ነፋስ በሩን ቢከፍተው ለነፋሱም ይነሳል" ይሉታል።

ሚስቱ እስከዳር ደግሞ "ከውኃ ስመለስ ለእኔ ብቻ ነው የማይነሳው" ብላ በሰው ፊት ቀለደችበት። በማግስቱ ጀሪካኗን ተሸክማ ስትገባ ብድግ ብሎ ከጀርባዋ ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጎደለ።

አምሳሉ ወይራ አምባ የሚኖር ገበሬ ነው። መንደሯ ከቁይ ገበያ ወደ ላይ ሽቅብ ሲወጡ የምትገኝ ናት። ከሥሯ፣ ጅረቱ አጠገብ፣ የመኪና መንገድ የሚያልፍባት ሸንበቆ አለች። የሁለቱም መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ የሚያስወልቅ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ ጥቁር አፈር። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል መስከረም ላይ ሽምብራ ይዘራበታል፤ ሽምብራው ከላይ አንድም ጠብታ ሳያገኝ አፈሩ የያዘውን እርጥበት እየጠጣ ያፈራል። የሸንበቆ ሽምብራ ቶሎ ይደርሳል፣ ይበዛል፣ ፍሬው ግን አነስ ይላል። የወይራ አምባው ብርድ እየመታው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን ነጭ፣ ድብልብል፣ እጅ የሚሞላ ነው።

ድሮ ሁለቱም ቁይ ገበያ ላይ ለነጋዴ ይሸጡ ነበር። ነጋዴው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል፤ ዘግኖ ያወጣል፤ አንዷን ፍሬ ነክሶ "እርጥብ ነው" ይላል። ደርቆ ጥርስ ቢሰብርም እርጥብ ነው። ፀሐይ ዘንበል እስክትል ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል። ገበሬው ያን ሽቅብ መልሶ እንደማይጭነው ያውቃልና በመጨረሻ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ይሸጥለታል።

ዩኒየኑ ከመጣ በኋላ ይህ ቀረ። የአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ተጣምረው "ኅብር" የሚባል ዩኒየን አቆሙ። መጋዘኑና ማበጠሪያ ማሽኑ መንገድ ያለባት ሸንበቆ ላይ ተተከሉ። ሽምብራው ከዚያ ተበጥሮ፣ ተለቅሞ፣ በትልልቅ መኪና ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ይሻገራል። አምሳሉ የት አገር እንደሚደርስ በትክክል አያውቅም። አንዱ ፓኪስታን ነው ይላል፣ ሌላው ዱባይ ነው ይላል። ብቻ ገዥው ሁለት ነገር እንደሚፈልግ ያውቃል፤ መኪናው ሙሉ እንዲሆን፣ ፍሬውም ጥሩ እንዲሆን። ወይራ አምባ ብቻዋን መኪና አትሞላም። የሸንበቆው ብቻውን ከተጫነ ደግሞ ፍሬው አንሷል ተብሎ ይመለሳል። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን ገዥውም ፍሬው አነሰ አይልም፣ መኪናውም አይጎድልም።

እንዲህ ሲሆን ሌላውም ነገር ሁሉ ተሳሰረ። በአጨዳ ጊዜ የወይራ አምባ ፈረሶች ወርደው የሸንበቆን ነዶ ይጭናሉ። በበጋ፣ የወይራ አምባ ምንጭ ሲደርቅ፣ ከብቶቹ ሸንበቆ ወርደው የሸንበቆ ማኅበር ካሠራው ገንዳ ይጠጣሉ። ዘሩም እንዲሁ ነው፤ ላይኛው ዘር በውርጭ እየደከመ ስለሚሄድ በየጊዜው ከታች ይታደሳል። አምሳሉ ልጁን ዜማን ክርስትና ሲያስነሳ የክርስትና እናት ያደረጋት የሸንበቆ ሴት ያለምወርቅን ነው። ያለምወርቅ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ፣ የሸንበቆ ማኅበር ሊቀመንበር ናት። የመጀመሪያው መኪና ተጭኖ ሲወጣ መንገድ ዳር ቆማ እልልታዋን ካቀለጠችው በኋላ ወደ አምሳሉ ዞራ "አበልጄ፣ እኛ ቁይ ቀርተን ሽምብራችን ባሕር አየ!" ያለችው እስከ ዛሬ ይነገራል።

የወይራ አምባ ማኅበር ሊቀመንበር የሺዋስ ነው፤ የእስከዳር ታላቅ ወንድም። ሰባተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፣ አፉ ይጣፍጣል፣ ሲናገር ሰው ሥራ ያስፈታል። አምሳሉ ይህን ሰው የሚወደው ግን በንግግሩ አይደለም። አንድ ዓመት፣ የእርሻ ጊዜ በደረሰበት ሰሞን፣ አምሳሉ በሬው ሞተበት። የሺዋስ የራሱን ማሳ ሳያርስ በፊት ጥማዱን ከእነ ቀንበሩ እየነዳ መጥቶ "በል እረስ፣ የእኔ ይደርሳል" አለው። አምሳሉ ያን ቀን አልቅሷል። ከዚያ ወዲህ የሺዋስ ሲገባ እንደ ሌላው ሰው አይነሳም፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ነው የሚነሳ።

የሺዋስ ከዩኒየኑ የመውጣትን ወሬ የጀመረው እንደ ቀልድ ነው።

"እኛ ወተት እናመጣለን፣ እነሱ ውኃ ያመጣሉ። ከተደባለቀ በኋላ እኩል ይጠጣል" ይላል። ሰው ይስቃል። በሌላ ቀን ደግሞ "መጋዘኑ ሸንበቆ፣ ማሽኑ ሸንበቆ፣ ገንዳው ሸንበቆ። የእኛ ምኑ ነው ታዲያ? ዳገቱ?" ይላል። ሰው ይስቃል፤ ቤቱ ሲደርስ ግን ሳቁ ይጠፋና ነገሩ ይቀራል።

ቀጥሎ አንድ ነጋዴ ከደብረ ማርቆስ በፒክ አፕ መጣ። ዘመንፈስቅዱስ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ጫማው ጭቃ አይወድም። "ከዩኒየኑ ጋር መኪና እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። እኔ ከአውድማ ላይ ነው የማነሳላችሁ። የወይራ አምባን ለብቻው፣ በስሙ፣ ባሕር ማዶ እልከዋለሁ" አለ። በስሙ ማለቱ ብዙውን ሰው ማረከው። ባሕር ማዶ ላይ "ወይራ አምባ" ተብሎ የተጻፈበት ጆንያ መታየቱ ነው!

የሺዋስ አምሳሉን ለብቻው አግኝቶ "አንተስ ምን ትላለህ?" አለው።

"ላስብበት አያ።"

"ሰው አንተን ነው የሚያይ። ብዙ ስለማትናገር ሲናገር አስቦ ነው ይሉሃል።"

"እንዴ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ አምሳሉ። ቀጥሎም "አበልጄ ገበያ ላይ ይዛኝ ነበር። 'ልትወጡ ነው አሉ' አለችኝ" አለ።

"ምን አልካት?"

"እኔ እያለሁ አይሆንም አልኳት። ቃል ሰጠኋት መሰለኝ።"

የሺዋስ ጀርባውን መታ አደረገው። "ቃል ከሰጠህማ ጥሩ" አለና ሄደ።

ስብሰባው የተጠራው ነሐሴ ላይ ነው፤ የገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ውስጥ። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ቆርቆሮው ሲጮህ ሰው ከጎኑ ያለውን እንኳ በጭንቅ ነው የሚሰማ። አምሳሉ ከፊት፣ በሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በልቡ የሚናገረውን እያዘጋጀ ነበር። "እኔ በበኩሌ ብንቆይ ይሻላል እላለሁ" የሚል ነው። አጭር ነው፣ ግን ለአምሳሉ ረጅም ነው። ደጋግሞ አላመጠው።

የሺዋስ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ እጁን ሦስት ጊዜ አጨበጨበና ድምፁን ከዝናቡ በላይ አድርጎ "እንግዲህ ነገር አናብዛ! ከዩኒየኑ እንውጣ የሚል ይነሳ!" አለ።

በሩ ተከፈተ።

የገቡት ቄስ ኪዳነ ማርያም ናቸው። አዛውንት ናቸው፤ የአምሳሉም የግማሹ መንደርም የንስሐ አባት። ጃንጥላቸው ውኃ ያንጠባጥባል፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። አምሳሉ አላሰበም። እግሩ ነው የተነሳው። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ ጎንበስ አለ፣ "ኖር አባታችን" አለ። ቆርቆሮው ድምፁን ዋጠው።

ከኋላው ያለው ሰው በሩን አላየም፤ የአምሳሉን ጀርባ አየ። አምሳሉ ተነሳ! አንዱ ተነሳ፣ ከጎኑ ያለው ተነሳ፣ አግዳሚው እየተንቋቋ ሁሉም ተነሳ።

ቄስ ኪዳነ ማርያም አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ኧረ በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ፣ በእመቤቴ ተቀመጡ!" አሉ። የተቀመጠ የለም። ይህን ሲያዩ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው "አንድነታችሁን ያጽናላችሁ፤ የጀመራችሁትን ይባርክላችሁ" ብለው ባረኩ። ሰው "አሜን!" አለ። ጭብጨባው ከዝናቡ በለጠ።

አምሳሉ ዙሪያውን አየ። አፉን ከፈተ። አንዱ ትከሻውን መታው፤ "አምሳሉ! አንበሳ! እኔማ አንተ ትፈራለህ ብዬ ነበር!" ሌላው እጁን ጨበጠው። በሕይወቱ እንዲህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተደስቶበት አያውቅም። ያን ያዘጋጀውን አጭር ነገር ትቶ የሚዘረጋለትን እጅ ሁሉ ይጨብጥ ጀመር።

ማታ እስከዳር "ምን ሆነ?" አለችው።

"ወጣን።"

"አንተስ?"

"ተነሳሁ።"

"ለማን?" አለች፣ ባሏን ታውቀዋለችና። አምሳሉ ከብት ልይ ብሎ ወጣ።

ወሬው ሸንበቆ ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። ያለምወርቅ ምንም አልላከችበትም። ለመስቀል ለዜማ የምትልከው የኑግ ጭብጦ ብቻ ቀረ። ዜማ "እትዬ ያለምወርቅ አሟት ነው?" ብላ ጠየቀች። "ሥራ በዝቶባት ነው" አላት አባቷ።

ያን ዓመት ዘር የታደሰ የለም። የነበረውን ዘሩ። ሽምብራው ግማሹ አመድ መልክ ይዞ ወጣ፤ የቀረው ግን እንደ ልማዱ አማረ። ጥር ላይ የሸንበቆ ሰዎች ነዷቸውን በራሳቸው አህያና በትከሻቸው አጓጓዙ፤ የወይራ አምባ ፈረሶች ደግሞ ቆመው ጭራቸውን ሲወነጭፉ ሰነበቱ። ከብት ወደ ታች ሲወርድ የገንዳው ጠባቂ በትሕትና፣ ያውም ባርኔጣውን አውልቆ፣ "የማኅበሩ ነው፤ ምን ላድርግ?" ብሎ መለሳቸው። ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢኖር ይሻል ነበር፤ ጠብ ሽማግሌ አለው።

ነጋዴው ከአውድማ ላይ አነሳለሁ ያለውን አላነሳም። የካቲት "መንገድ ተዘጋ" አለ። መጋቢት "የውጭ ገዥው እያሰበ ነው" አለ። ወሬውን የሚያመጣው የሺዋስ ነው። "ጠብቁ፣ የያዘ አይቸኩልም" ይላል። በየቤቱ ጎተራ ሥር ነቀዝ ዱቄት ማውጣት ጀመረ። ሰው ተጨንቆ ወደ ቁይ ገበያ ሲወርድ ደግሞ፣ ሸንበቆዎችም ጆንያ ይዘው ቆመው አገኛቸው። እነሱም መኪናቸው አልሞላም። የሞላውንም ገዥው "ፍሬው እንደ ድሮው አይደለም" ብሎ ወደ ሌላ አገር ሽምብራ ዞሯል አሉ። ሁለቱ መንደሮች ገበያው ላይ በየጆንያቸው አጠገብ ቆመው እየተያዩ ሳይተያዩ ዋሉ። ነጋዴዎቹም እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱ ጀመር። "እርጥብ ነው።"

ዘመንፈስቅዱስ በመጨረሻ የመጣው የዚያን ጊዜ ነው። ከወይራ አምባም ገዛ፣ ከሸንበቆም ገዛ፣ በወደደው ዋጋ። ሚዛኑ የተተከለው የሺዋስ ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚመዝነውም የሺዋስ። አዲስ ካቦርት ለብሷል። የወይራ አምባ ስም የተጻፈበት ጆንያ ግን አልታየም። አንድ ባለ ባጃጅ ኋላ እንዳወራው፣ ያ ባሕር ይሻገራል የተባለ ፍሬ ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት ገብቶ ሽሮ ሆኗል።

አምሳሉ ይህን ሁሉ እንደ ዕድል ቆጠረው። የሺዋስም እንደ እነሱ ተታሎ ይሆናል አለ፤ ካቦርቱንም ሚዛኑንም አየና እንደዚያው አለ። በሬ ፈትቶ የሰጠን ሰው በሌላ ዓይን ማየት አይቻልም።

ከፋሲካ በኋላ ቄስ ኪዳነ ማርያም የንስሐ ልጆቻቸውን ሲጎበኙ አምሳሉ ቤት ገቡ። አምሳሉ ተነሳ፣ እስከዳር ተነሳች፣ ጠበል ተረጨ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ቄሱ ጠላቸውን ፉት እያሉ ስለ ዘመኑ መጥፋት አወሩ።

"ዛሬ ለቄስ የሚነሳ ማን አለ?" አሉ። "ቁይ ላይ ልጆቹ ስልካቸውን እያዩ እግራቸውን እንኳ አይሰበስቡልህም። ያን ቀን ግን፣ በነሐሴ፣ ወይራ አምባ አኮራኝ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ! ያን ሁሉ ዝናብ የቆምኩበትን አስረሳኝ።"

"ዝናብ ላይ ቆመው ነበር እንዴ አባቴ?" አለች እስከዳር።

"ታዲያስ! ወንድምሽ ነዋ። በቅሎ ልኮ አስመጣኝ። 'ጉባኤውን ይባርኩልናል፤ ግን ከበሩ ውጭ ይቆዩ፣ ሦስት ጊዜ ሳጨበጭብ ይግቡ፣ ያኔ ነው የሚያምረው' አለኝ። እኔም ጃንጥላዬን ይዤ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ስጠብቅ ስጠብቅ…" ሳቁ። "የሺዋስ ሥርዓት ያውቃል። ልጅ ማለት እሱ ነው።"

እስከዳር ዳቦውን ይዛ ባሏን አየችው። አምሳሉ መሬት መሬት ያያል። በበሩ ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ አስታወሰ። "አምሳሉ፣ አንተ እዚህ ተቀመጥ፣ ደኅና ትሰማለህ" ብሎ ያስቀመጠው ማን ነበር? የሺዋስ ነበር። ከወይራ አምባ ሰው ቃል እንደሰጠሁ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን አለ በልቡ። የማልናገር መሆኔንም የሚያውቅ እሱ ነው። ለማን እንደምነሳም።

"አመመህ ልጄ?" አሉ ቄሱ።

"ደኅና ነኝ አባቴ" አለ። ምን ይበላቸው? ያ ሁሉ ሰው የተነሳው ለእርስዎ አይደለም ይበላቸው? ያቺን አንዲት ደስታቸውን ይንጠቃቸው?

በማግስቱ ሸንበቆ ወረደ። ያለምወርቅን መጋዘኑ ውስጥ አገኛት። ያ ሽምብራ እስከ ጣሪያው ይከመርበት የነበረው ቤት ባዶውን ያስተጋባል። ጥግ ላይ ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጣ የተረፈውን በሰፌድ ትለቅማለች።

"ደኅና ዋልሽ አበልጄ?"

"እግዜር ይመስገን" አለች ቀና ሳትል። "ከላይ ሰው መጣ? ምነው፣ ባሕሩ ጠበባችሁ?"

ሁለቱ ሴቶች ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቁን ያዙት። አምሳሉ እንደቆመ ነገራት። ዝናቡን፣ አግዳሚውን፣ ጭብጨባውን፣ ቄሱን። ሲናገር ላብ አጠመቀው፤ በዕድሜው እንዲህ ረጅም ነገር ተናግሮ አያውቅም። ያለምወርቅ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"የሺዋስ? የእስከዳር ወንድም?"

"እሱ።"

"አይ የሺዋስ! ሰውን በክፋቱ ሳይሆን በትሕትናው አጠመደው በለኛ።" ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዓይኗን አንስታ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። "አንተ ለቄሱ ተነሳህ።"

"ለቄሱ።"

"እሺ። ቄሱ ከተቀመጡ በኋላስ?"

አምሳሉ ጋቢውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

"ቄሱ ከተቀመጡ በኋላ፣ በማግስቱስ? በመስቀልስ? የሺዋስ ቢያታልልህ የሺዋስ ነው፤ እኔ ቃል የተቀበልኩት ከእሱ አይደለም። 'አምሳሉ አለ' ብዬ ነው ለሕዝቤ የነገርኩት። የናንተን ፍሬ ተማምነን ከገዥው ጋር ተዋዋልን። መኪናው ጎደለ። እናንተ ዳገት ላይ ሆናችሁ እኛ ብቻ የምንጠቀም መስሏችሁ ነበር፤ እኛም ውኃው የኛ ነው ብለን የምትጎዱት እናንተ ብቻ መስሎን ነበር። ይኸው ሁላችንም ሽሮ ሆንን።"

"መመለስ ብንፈልግስ?"

"አንተ ብትፈልግ ነው ወይስ ብትፈልጉ? አንድ ሰው ለብቻው ማኅበር አይደለም። በአዳራሽ ቆማችሁ ወጥታችኋል፤ በአደባባይ ተናግራችሁ ኑ። ከዚያ የኛ ሰው ያስብበታል።" ሰፌዷን አነሳች። "ለዜማ ሰላም በልልኝ። እሷ ምን አደረገች?"

ዳገቱን ሲወጣ "ቄሱ ከተቀመጡ በኋላስ?" የሚለው ነገር እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ አብሮት ወጣ።

የሚያዝያ ጊዮርጊስ የወይራ አምባ ንግሥ ነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ የጊዮርጊስ ማኅበር ተረኛ ቤት ሰው ሞላ። ወንዶቹ በመደቡና በአግዳሚው ዙሪያውን፣ ሴቶቹ በጓዳው በኩል። ቄስ ኪዳነ ማርያም ደክሟቸው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ይህን አምሳሉ አስተውሏል፤ ቢቀመጡ ኖሮ ያን ቀን የሚናገር አልነበረም።

የሺዋስ ዘግይቶ መጣ። ካቦርቱን ደርቧል፣ ከበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ።

"ኖር! ኖር!" አለ ቤቱ፣ ሁሉም ብድግ እያለ።

"በእግዜር! በእግዜር!" አለ የሺዋስ፣ እጁን እያወዛወዘ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ።

አምሳሉ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ሰው አላመነም። ጎኑ ያለው ሰው በክርኑ ነካ አደረገው፤ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ነው። "አምሳሉ! የሚስትህ ወንድም!" አለው በሹክሹክታ። አምሳሉ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞታል። ጉልበቱ ሊነሳ ይፈልጋል። ሥጋው ሌላ ሥራ አያውቅም።

"እግሩን አሞት ነው?" አለ የሺዋስ እየሳቀ።

"እግሬ ደኅና ነው አያ" አለ አምሳሉ። "ያን ቀንም ደኅና ነበር። በነሐሴ የተነሳሁት ለቄስ ኪዳነ ማርያም ነበር። ለመውጣት አይደለም። በሩ ፊት ያስቀመጥከኝ አንተ ነህ፣ ቄሱንም ዝናብ ላይ አቁመህ ስታጨበጭብ የጠራሃቸው አንተ ነህ። ሚዛኑ ግቢህ የተተከለው እኛ ከመውጣታችን በፊት ታስቦ ነው።"

የሺዋስ ፊቱ አልተለወጠም። "ታዲያ ያን ቀን አፍ አልነበረህም?" አለ ቀስ ብሎ። "ሲያጨበጭቡልህ ደስ ብሎህ ቆመህ የለም? እኔ በር ከፈትኩ እንጂ አፍህን ዘጋሁ?"

የያለምወርቅን ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ በእሱ አፍ ሲሆን ግን ሌላ መርዝ አለው።

"ነበረኝ" አለ አምሳሉ። "አፈርኩ። ያንን ለእኔ ተወው፤ እኔ እሸከመዋለሁ። በሬህን ፈትተህ የሰጠኸኝን ግን ምን ላድርገው አያ? እሱን የት ላድርሰው?"

ከመደቡ በኩል የአንድ ሽማግሌ ድምፅ "እኔ የተነሳሁ አምሳሉን አይቼ ነው" አለ። "እኔም" አለ ሌላው። "አስቦ ነው ብዬ እኮ ነው!" አንዱ ተቆጣ፤ ቁጣው ግን ለየሺዋስ ብቻ አልነበረም። "ስምንት ወር ሙሉ ዝም ብለህ፣ ነቀዝ ሲበላን አየኸን?" ብሎ ወደ አምሳሉ ጣቱን ቀሰረ። አምሳሉ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለው።

እስከዳር ለወንድሟ የያዘችው ዳቦ በእጇ ነው። ወንድሟን አየች፤ ባሏን አየች። ዳቦውን ገበታው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ከአምሳሉ ጎን ተቀመጠች። የሺዋስ ያንን ሲያይ ነው ፊቱ የተለወጠው። የሚቀመጥበት ቦታ ተለቆለት ነበር። አልተቀመጠም፤ ካቦርቱን አስተካክሎ ወጣ። ሲወጣም የቤቱ ግማሽ በልማድ ተነሳለት።

በሳምንቱ አምሳሉ ወደ ሸንበቆ ወረደ። አብረውት የወረዱት የእጅ ጣት የሚሞሉ አይደሉም። ሌሎቹ "እናያለን" ብለዋል፤ ለጥቂቶቹም ዘመንፈስቅዱስ ለከርሞ ቀብድ ሰጥቷቸዋል፤ ከየሺዋስ ጋር ናቸው። መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ። ያለምወርቅ ከሰዎቿ ጋር ተቀምጣለች።

"እነዚህ ብቻ ናችሁ?" አለች።

"ለጊዜው።"

"ገዥው ሄዷል፤ ታውቃላችሁ?"

"ሰምተናል።"

"ይመለስ እንደሆነ እኛም አናውቅም።" ወደ ሰዎቿ ዞረች። አንድም ሰው "ኖር" አላለም።

አምሳሉ ከትከሻው ላይ ያወረደውን ጋቢ በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ለስንቱ ተነስቷል! እንግዳ ሆኖ ገብቶ ማንም ሳይነሳለት ሲቀር ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ግቡ አላለችም። ሂዱም አላለችም። ሰፌዷን ወደ ጭኗ ሳበችና የተበላሸውን ፍሬ እየለየች ወደ ደጅ፣ እግሩ ሥር፣ መጣል ቀጠለች። አምሳሉም ቆሞ ጠበቀ።